ሰው በአደጋ ሲሞት ቤተሰቡ ካሳ የሚጠይቅበት መንገድ፦ ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር ነዋሪዎች

«መኪና ገጭቶ ገደለብን። ካሳው ስንት ነው? የሚከፈለውስ ለማን ነው?» ይህ ጥያቄ ከባሕር ዳር ክፍለ ከተሞች፣ ከዘጌ፣ ከሐሙሲት፣ ከመራዊና ከወረታ መንገድ እየተደጋገመ ይመጣል። አብዛኛው ቤተሰብ መድን ድርጅቱ የሰጠውን ይቀበልና ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። የመድኑ ገንዘብ የካሳው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ቀሪውን ከተሽከርካሪው ባለቤትና ከሾፌሩ መጠየቅ ትችላላችሁ። ለዚያ ግን ወረቀቱ በጊዜው መያዝ አለበት፣ ካሳውን የሚዘጋ ሰነድም ቸኩላችሁ መፈረም የለባችሁም።

በመጀመሪያ ጉዳያችሁ የትኛው እንደሆነ ለዩ

የምትጠይቁት ሰው፣ የምትሄዱበት ቢሮና የጊዜ ገደቡ እንደ አሟሟቱ ይለያያል።

ሟች በተሽከርካሪ የተገጨ እግረኛ ወይም ብስክሌተኛ ከሆነ ባለቤቱን፣ ሾፌሩንና የሦስተኛ ወገን መድን (መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍል መድን) የሰጠውን ድርጅት ትጠይቃላችሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። ሾፌሩ ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ባለቤቱ ራሱ ጥፋት ባይሠራም ኃላፊነቱ አይቀርም። ስለዚህ «እኔ አልነዳሁም» የሚል መልስ አያስደንግጣችሁ። መኪናው በዚያ ሰዓት ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ተሳፋሪ ከነበረ በባለንብረቱና በእሱ መካከል የመጓጓዣ ውል አለ። የክሱ ሕጋዊ መሠረት ስለሚለይ ትኬቱን፣ የመናኸሪያውን የተሳፋሪዎች ዝርዝር ወይም አብሮ የተሳፈረ ምስክር ያዙ።

ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው ተሽከርካሪ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተቋቋመው የመድን ፈንድ አለ። ፈንዱን አሁን የሚያስተዳድረው የመንገድ ደኅንነትና የመድን ፈንድ አገልግሎት ነው። ሰሌዳው ስላልታወቀ ብቻ ተስፋ አትቁረጡ።

በሥራ ላይ እያለ የሞተ ሰው (የግንባታ ሠራተኛ፣ የጭነት መኪና ረዳት፣ ቅጥር ሾፌር) ቤተሰብ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪውን ይጠይቃል። ልብ በሉ፣ መኪናውን ሲነዳ የነበረው ሾፌር በራሱ መኪና መድን ሦስተኛ ወገን አይደለም። የእሱ ቤተሰብ ዋናው መንገድ ይኸኛው ነው።

በሞተር ጀልባ አደጋ ሐይቁ ላይ የሞተ ሰው ቤተሰብ የተሽከርካሪ መድን ፍለጋ ጊዜ አያጥፋ። አዋጅ 799 የሚመለከተው መንገድ ላይ የሚሄድን ባለጎማ ተሽከርካሪ ነው። ጥያቄው በቀጥታ ለጀልባው ባለቤትና ጀልባዋን ለሚያሠራው ማኅበር ይቀርባል። ጀልባዋ በማን ስም እንደተመዘገበችና የዚያን ዕለት ማን እንደዘወራት ገና ትዝታው ትኩስ ሳለ አጣሩ።

የሚያስፈልጉ ሰነዶች

ከእያንዳንዱ ዋናውን ለእናንተ አስቀምጡና ቢያንስ አራት ፎቶ ኮፒ አዘጋጁ። ለመድን ድርጅት፣ ለፍርድ ቤት፣ ለተከሳሾችና ለመጠባበቂያ ይሆናል።

- የትራፊክ ፖሊስ የአደጋ ሪፖርትና የአደጋው ቦታ ፕላን
- ሟች ሕክምና ላይ ቆይቶ ያረፈ ከሆነ ከፈለገ ሕይወት፣ ከጥበበ ግዮን ወይም ከታከመበት ሌላ ተቋም የሕክምና ማስረጃ፤ የአስከሬን ምርመራ ተደርጎ ከሆነ ውጤቱ
- ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተሰጠ የሞት ምስክር ወረቀት
- የጋብቻ ማስረጃና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት
- የወራሽነት ማረጋገጫ፣ ልጆቹ ከ18 ዓመት በታች ከሆኑ የሞግዚትነት ማስረጃ
- የሟች ገቢ ማስረጃ
- የሕክምና፣ የአስከሬን ማጓጓዣና የቀብር ወጪ ደረሰኞች
- የተሽከርካሪው ሙሉ ሰሌዳ ቁጥር ከነኮዱና ከነክልሉ፣ የባለቤቱ ስም፣ የመድን ድርጅቱ ስምና የውል ቁጥር

አሠራሩ

1. የመኪናውን ማንነት በዚያው ዕለት ያዙ።

ሐዘንተኛው ራሱ ባይችል ከጎረቤት ወይም ከእድርተኛ አንድ ሰው ይመደብ። የሰሌዳውን፣ በፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን መድን ስቲከርና የመኪናውን አቋቋም በስልክ ፎቶ ያንሳ። ያዩ ሰዎችን ስምና ስልክም ይጻፍ። ባጃጅ ከሆነ የጎን ቁጥሩንም ያንሱ። ይህ የሚያስፈልገው መኪናው ከፖሊስ ጣቢያ ከተለቀቀ በኋላ ስቲከሩን እንደገና ማየት ስለማይቻል ነው። በስቲከሩ ላይ ያለው ቀን ብዙ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፋል፣ የፖሊሱ ሪፖርት ደግሞ በእኛ። ሁለቱን ሳታመሳክሩ «መድኑ አልፎበታል» ወደሚል ድምዳሜ አትሂዱ። ለምሳሌ ሚያዝያ 23 ቀን 2016 ማለት በፈረንጆቹ ሜይ 1 ቀን 2024 ነው። ሰዓቱም እንዲሁ በስድስት ሰዓት ይለያያል። ውሉ ባለቀበት ወይም በታደሰበት ዕለት አካባቢ የደረሰ አደጋ ላይ ይህ ልዩነት ክርክር ያስነሳል።

2. ሞቱን በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ።

በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ሞት በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። የሐኪም ወረቀቱን ይዛችሁ ሟች ይኖርበት ወደነበረው ቀበሌ የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ስሙ ከመታወቂያው ጋር በፊደል ደረጃ አንድ መሆኑን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ። ኃይሉና ሀይሉ፣ ፀሐይና ጸሃይ እየተባለ የተጻፈ ስም ወይም በአንዱ ወረቀት የክርስትና ስም በሌላው የመጠሪያ ስም መግባቱ መዝገቡን ለወራት ሊያዘገይ ይችላል። አስቀድሞ የተፈጠረ ልዩነት ካለ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ወራሽነት በምትጠይቁበት አቤቱታ ላይ አብራችሁ አመልክቱና በምስክር አስረጋግጡ።

3. ማን እንደሚጠይቅ ወስኑ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2095 በሞት ምክንያት ለደረሰ የገንዘብ ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት የሰጠው ለትዳር ጓደኛ፣ ወደ ላይ ለሚቆጠሩ (አባት፣ እናት፣ አያት) እና ወደ ታች ለሚቆጠሩ (ልጅ፣ የልጅ ልጅ) ነው። ወንድምና እህት በዝርዝሩ የሉም። ብዙ ጊዜ ቤቱን የሚያስተዳድረው ታላቅ ወንድም በራሱ ስም ክስ ይመሠርታል፣ መዝገቡም መብት የለህም ተብሎ ይዘጋል። ወንድም ሊሮጥ፣ ሊመሰክር፣ ውክልና ተቀብሎ ሊያመለክት ይችላል። ከሳሽ ሆነው የሚጻፉት ግን ሚስት ወይም ባል፣ ልጆችና ወላጆች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይደበላለቃል። በ2095 የሚጠየቀው ካሳ የውርስ ንብረት አይደለም። እያንዳንዱ ሰው ለራሱ የቀረበትን ድጋፍ ይጠይቃል። ስለዚህ የሟች አሮጊት እናት፣ ልጆች ስላሉ ወራሽ ባትሆንም፣ በራሷ ስም መጠየቅ ትችላለች። መድን ድርጅቶች የወራሽነት ማረጋገጫ ስለሚጠይቁ ግን እሱንም ከወረዳ ፍርድ ቤት አውጡ።

በሽማግሌ ተጋብታችሁ የጋብቻ ወረቀት የሌላችሁ አትስጉ። በምስክር አስረድታችሁ ጋብቻው መኖሩን ማስወሰን ይቻላል። ይህን ከዋናው ክስ በፊት ጨርሱት። ተከሳሹ መጀመሪያ የሚያነሳው መቃወሚያ እሱ ነውና።

4. የሟችን ገቢ አስረዱ።

የካሳው መጠን በዚህ ወረቀት ላይ ይቆማል፤ ከሁሉም በላይ የሚደክምበት ይኸው ነው። ደመወዝተኛ ከሆነ ከመሥሪያ ቤቱ የተጣራና ያልተጣራ ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ይበቃል። ነጋዴ ከሆነ የንግድ ፈቃዱ፣ የግብር ደረሰኙና የባንክ ደብተሩ ይቀርባል። ለግብር ያሳወቀው ገቢ ዝቅተኛ ከሆነ ተከሳሹ እሱኑ እንደሚያነሳ ጠብቁና የሸቀጥ ደረሰኝና ደንበኛ ምስክር ጨምሩ።

ባጃጅ ነጂ ከሆነ በየቀኑ ለባለቤቱ ያስገባ የነበረው ሒሳብና ለእሱ የሚቀረው በባለቤቱ ምስክርነት ይረጋገጣል። የፎገራ ሩዝ ገበሬ ከሆነ የመሬት ይዞታ ደብተሩን፣ በዓመት ስንት ኩንታል ያመርት እንደነበር የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤና የዚያን ዓመት የገበያ ዋጋ አያይዙ። ዓሣ አስጋሪ ከሆነ ዓሣ የሚያስረክብበት ማኅበር መዝገብ ከማንኛውም ምስክር ይሻላል። «በቀን ጥሩ ያገኝ ነበር» የሚል ምስክር ብቻውን ቢቀርብ ፍርድ ቤቱ በሕጉ ቁጥር 2102 መሠረት በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ መስሎ በታየው ልክ፣ ይወስናል። በርትዕ የሚወሰን ገንዘብ ብዙ ጊዜ እናንተ ከጠበቃችሁት ያነሰ ነው።

5. ካሳውን አስሉ።

ሕጉ ቁርጥ ያለ ቀመር አላስቀመጠም። በክስ አቤቱታ የሚሠራበት አካሄድ ግን እንዲህ ነው፦ የሟች የወር ገቢ ተይዞ ለራሱ ያውለው የነበረው ይቀነሳል፣ ቀሪው ለጥገኞች ይከፋፈላል፣ ከዚያም በየዓመቱ ተባዝቶ ይደመራል።

ምሳሌ እንውሰድ። ሟች የ42 ዓመት ሰው ነው፣ በወር 9,000 ብር ያገኝ ነበር፣ እስከ 60 ዓመቱ 18 ዓመት ይሠራ ነበር። ለራሱ 3,000 ብር ያውል ነበር ብንል 6,000 ብር ለቤተሰብ ይቀራል። ለሚስቱ 3,000፣ ለ12 ዓመት ሴት ልጁ 1,500፣ ለ6 ዓመት ወንድ ልጁ 1,500 ብር ይያዝ።

- ሚስት፦ 3,000 × 12 ወር × 18 ዓመት = 648,000 ብር
- ሴት ልጅ እስከ 18 ዓመቷ፦ 1,500 × 12 × 6 = 108,000 ብር
- ወንድ ልጅ እስከ 18 ዓመቱ፦ 1,500 × 12 × 12 = 216,000 ብር
- ድምር፦ 972,000 ብር

በዚህ ላይ በደረሰኝ የተደገፈ የሕክምናና የቀብር ወጪ ይጨመራል። ሟች ራሱ ጥፋት ከነበረበት ካሳው በዚያው መጠን ይቀንሳል። ፍርድ ቤቱ 30 በመቶውን ጥፋት ለሟች ቢሰጥ ከላይ ያለው ድምር ወደ 680,400 ብር ይወርዳል። ስለዚህ እግረኛው በማቋረጫ ላይ እንደነበር የሚያሳየው የፖሊስ ፕላን ትልቅ ገንዘብ ያድናል። ፕላኑ ላይ ስሕተት ካያችሁ ምርመራው ሳይዘጋ በጽሑፍ ለፖሊስ አመልክቱ።

የኅሊና ጉዳት ካሳም አለ፤ ጣሪያው ግን በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ገንዘቡ ከሐዘኑ ጋር የሚመጣጠን አይደለም፣ ይህን ለመናገርም ይከብዳል። ሆኖም መብታችሁ ስለሆነ ጠይቁት። መቶ ሺህ ብር የኅሊና ካሳ የሚል አቤቱታ ግን የዳኝነት ክፍያውን ከማናር ውጭ ጥቅም የለውም።

6. ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ አመልክቱ።

ሰነዶቹን በዝርዝር ጽፋችሁ አስገቡና በቅጂው ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን አስመቱ። አዋጅ 799/2005 ሲወጣ የሞት ካሳው ከ5,000 ብር የማያንስና ከ40,000 ብር የማይበልጥ ነበር። የሽፋኑ መጠን በደንብ ሊሻሻል የሚችል ስለሆነ አደጋው በደረሰበት ቀን ይሠራበት የነበረውን ጣሪያ ድርጅቱ በጽሑፍ እንዲነግራችሁ ጠይቁ። «አንከፍልም» ከተባላችሁ ምክንያቱ በደብዳቤ ይሰጣችሁ። በቃል የተነገረ እምቢታ ፍርድ ቤት ሲደርስ ይካዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ገንዘቡን ስትቀበሉ የምትፈርሙትን ወረቀት እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡ። «ከመድን ድርጅቱ የሚገባኝን ተቀብያለሁ» ማለት አንድ ነገር ነው፣ «ባለቤቱንም ሆነ ሾፌሩን ወደፊት አልጠይቅም» ማለት ሌላ። ሁለተኛው ካለበት አትፈርሙ።

7. ሽምግልና ከመጣ ዕርቁንና ካሳውን ለዩ።

በእኛ አገር ሽማግሌ ብዙ ጊዜ በሰልስቱ ወይም ከአርባው በፊት ይመጣል። ቂም እንዳይኖር መታረቅ ጥሩ ነው፣ ማንም ይህን አይከለክላችሁም። አደጋው ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። በጽሑፍ የተፈረመ የስምምነት ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 መሠረት በተስማሚዎቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። በሐዘን መሐል በ50,000 ብር «ከእንግዲህ ጥያቄ የለንም» ብላ የፈረመች ሚስት ከላይ ያሰላነውን 648,000 ብር ለመጠየቅ በሩ ሊዘጋባት ይችላል።

ሽማግሌዎቹን በአክብሮት እንዲህ በሏቸው፦ «አባቶቼ፣ ይቅር ብለናል። የካሳው ነገር ግን ስሌቱ ተሠርቶ፣ የልጆቹ ድርሻ ታውቆ ይጻፍ።» የምትቀበሉት ገንዘብ ካለ «ለቀብርና ለተዝካር ወጪ የተሰጠ፣ የካሳ መብትን የማይነካ» ተብሎ ይጻፍ። የልጆችን መብት አጎት ወይም አያት በራሱ ሥልጣን መልቀቅ አይችልም። ዕርቅ መውረዱም የወንጀሉን ክስ አያስቀርም፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል በዐቃቤ ሕግ የሚከሰስ ወንጀል ነው።

8. በሁለት ዓመት ውስጥ ክስ መሥርቱ።

የካሳ ክስ ይርጋ፣ ማለትም ካለፈ መክሰስ የማይቻልበት የጊዜ ገደብ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 ሁለት ዓመት ነው። ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከዚህ የሚረዝም ከሆነ ረዥሙ ይሠራል። በዚህ ተማምናችሁ ግን አትዘግዩ። አደጋው መስከረም 10 ቀን 2017 ደርሶ ከሆነ መዝገቡ ከመስከረም 10 ቀን 2019 በፊት ይከፈት።

«የወንጀሉ ፍርድ ይለቅ» ብሎ መጠበቅ ይርጋ ከሚያሳልፉት ምክንያቶች ዋነኛው ነው። የሁለቱ መዝገብ ለየብቻ ነው። ሾፌሩ በወንጀል በነጻ ቢለቀቅ እንኳ በቁጥር 2149 የፍትሐ ብሔሩ ፍርድ ቤት በዚያ አይታሰርም።

ክሱ አደጋው በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ባለ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ወረዳ ወይም ከፍተኛ መሆኑ በገንዘቡ መጠንና በተከሳሹ ማንነት ስለሚወሰን፣ በተለይ መድን ድርጅት በተከሳሽነት ሲጨመር፣ መዝገብ ቤቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ባለቤቱን፣ ሾፌሩንና መድን ድርጅቱን በአንድ ክስ አድርጉ። ለየብቻ ከተከሰሱ እያንዳንዱ ጥፋቱን ወደሌለው ሰው ይገፋል። በዳኝነት ጥያቄው ውስጥ ዋናውን ካሳ፣ 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድን፣ ወጪና ኪሳራን ጻፉ። ያልተጠየቀ አይፈረድም።

የዳኝነት ክፍያ አቅም ከሌላችሁ በድህነት ለመክሰስ እንዲፈቀድላችሁ ከቀበሌ ማስረጃ ጋር ቃለ መሐላ አቅርቡ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

9. መኪናው እንዳይሸጥ እግድ ጠይቁ።

ከክሱ ጋር አብራችሁ ተሽከርካሪው ስሙ ወደ ሌላ እንዳይዛወር ማመልከቻ አስገቡ። ትእዛዙን እናንተው ተከታትላችሁ መኪናው ወደተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አድርሱ። ብዙ ባለ አንድ ባጃጅ ባለንብረቶች ሌላ ንብረት የላቸውም። ባጃጁ ከተሸጠ ፍርዱ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሟች ሠራተኛ ከነበረ

ሟች በጡረታ ዐቅድ ወይም በሌላ የመድን ሽፋን ያልታቀፈ ከሆነ የጥገኞች ካሳ የዓመት ደመወዙ በአምስት ተባዝቶ ነው። 50 በመቶው ለባል ወይም ለሚስት፣ 10 በመቶው ለእያንዳንዱ ከ18 ዓመት በታች ልጅ፣ 10 በመቶው ሟች ይጦራቸው ለነበሩ ለእያንዳንዳቸው ወላጆች ይሰጣል። ድምሩ ከመቶ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ በዚያው ልክ ይስተካከላል። ወር 6,000 ብር ይከፈለው ለነበረ ሠራተኛ 6,000 × 12 × 5 = 360,000 ብር ይሆናል። የቀብር ማስፈጸሚያው ከሁለት ወር ደመወዝ ማነስ የለበትም፤ እዚህ 12,000 ብር ማለት ነው። የጡረታ መዋጮ ይቆረጥለት ከነበረ የተተኪዎች አበል የሚጠየቀው ከማኅበራዊ ዋስትናው ነው።

ይርጋው እዚህ አጭር ነው፤ አንድ ዓመት። የሁለት ዓመቱን ቆጠራ ለዚህ አትጠቀሙበት። አሠሪው «የቅጥር ውል አልነበረውም» ካለ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር፣ የባንክ ዝውውርና የሥራ ባልደረቦች ምስክርነት በቂ ነው። የቅጥር ውል በቃልም ይመሠረታል።

በብዛት የሚታዩ ስሕተቶች

የሕይወት መድን ስላለው ሌላ ካሳ አይገባንም ብሎ መተው። በቁጥር 2093 መሠረት መድን መኖሩ ጉዳት አድራሹን ከካሳ ነጻ አያወጣውም።

የቀብር ወጪን ያለ ደረሰኝ መጠየቅ። የሳጥኑን፣ የመኪና ኪራዩንና የድንኳኑን ደረሰኝ ከእድሩ ጸሐፊ ጋር ሆናችሁ በሳምንቱ ሰብስቡ። ከዚያ በኋላ ለማግኘት ያስቸግራል።

ዋናውን ሰነድ ለደላላ ወይም «ጉዳይ አስፈጽማለሁ» ለሚል ሰው መስጠት። ጠበቃ ከያዛችሁ ፈቃዱን እዩ፣ ክፍያውን በጽሑፍ ተዋዋሉ፣ ለእሱም ቢሆን ኮፒ ስጡ።

የልጆችን ገንዘብ በአሳዳጊው የግል ሒሳብ ማስገባት። ፍርዱ ሲሰጥ የእያንዳንዱ ልጅ ድርሻ በልጁ ስም በተከፈተ፣ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ በማይንቀሳቀስ ሒሳብ እንዲቀመጥ አመልክቱ። ለትምህርትና ለሕክምና ሲያስፈልግ ሞግዚቱ ወጪውን አስረድቶ በትእዛዝ ያወጣል።